ሰባት ሰዎች ተኝተው ስላጸደቁት ፍራሽ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ምንም ነገር የማያሳክከው ቆዳዎ ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኔ በማዋለጃ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከአንገቴ በላይ ደኅና ስሆን፣ ከአንገቴ በታች ያለውን ቀጥዬ አስረዳለሁ።

ለተረኞች ማረፊያ ክፍል አዳዲስ የላቴክስ ጎማ ፍራሾች ስላስገቡልን እናመሰግናለን። የድሮው የጥጥ ፍራሽ መሃሉ ከመጎድጎዱ የተነሣ ጎትቶ የሚያወጣ ባልደረባ ያስፈልግ ስለነበር፣ ሁሉም እርስዎን ሲመርቅ ዋለ። እኔም መርቄ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ጋደም እስክል ድረስ። ጀርባዬ ላይ ሽፍታ ችፍ ብሎ ወጣ፤ ትንፋሽም አጠረኝ። በእውነት ፈራሁ።

1ኛ. የጎማ ጓንት እጄን ስለሚያሳብጠው ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ዓይነት ጓንት የሚያወጣልኝ የእርስዎው ክፍል ነው። ፍራሹ ግን በሌላ ቅጽ ስለገባ፣ ጓንቱና ፍራሹ ከአንድ ዛፍ ወተት መሠራታቸውን ሁለቱ ቅጾች ተገናኝተው ሊነጋገሩ አልቻሉም።

2ኛ. ፍራሹ የተፈጥሮ ጎማ ይሁን ሰው ሠራሽ ወይም ድብልቅ እንዲነገረኝ፣ ቢቻልም ለቆዳ ሐኪሜ የማሳየው ቁራጭ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዙት ጋሼ፣ ከዛፍ የወጣ ነገር ሰው እንደማይጎዳ በአባትነት መከሩኝ። ሳማም ፋብሪካ ውስጥ እንደማይበቅል ላስረዳቸው አስቤ፣ ዕድሜያቸውን አክብሬ ተውኩት።

3ኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። አቤቱታዬ እንደደረሰዎ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁመው፣ ሁሉም በየተራ ከነካፖርታቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ተኝተው፣ አንዳቸውንም እንዳላሳከካቸው በቃለ ጉባኤ አረጋገጡ። ሰባት ጤነኞች አንዲት ታማሚን በድምፅ ብልጫ ሲፈውሱ በሙያ ዘመኔ የመጀመሪያዬ ነው። አበው «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ያሉት ኮሚቴ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ እንጨቱ የሚገባው ማኅተም ተመትቶበት ነው።

ፍራሹ ጤነኛ፣ እኔ ግን «ለማረፊያ ክፍሉ የማልመች» ሆኜ ስለተገኘሁ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ መዝገብ ቤት እንድዛወር ደብዳቤ ደርሶኛል። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ ሕፃን ሲያለቅስ ያልሰማሁበት ቀን የዋለ አይመስለኝም። የምለምነው አንድ ተራ የጥጥ ፍራሽ ነው፤ አዲስ ከቸገረ ያ ጎድጓዳው ቢመለስልኝም ደስታዬ ነው።

ስለ ቆዳዬ ከእኔ በላይ ለተጨነቁት ሰባቱ ፈራሚዎች ምቹ ዕረፍት እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

እስከ ሰኞ ድረስ አዋላጅ ነርስ የሆንኩት ታዛዥዎ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ በሰባተኛ ተራ የተመዘገቡት የሰው ሀብት ክፍሏ እመቤት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ፍራሹ ላይ ተኝተው «እጅግ ተመችቶኛል» እንዳሉ ተጽፏል። በዚያው ማክሰኞ፣ በዚያው አምስት ሰዓት እርሳቸው የተኙት እኔ ዘንድ ነበር፤ እንዳልተመቻቸውም ፎቁ በሙሉ ሰምቷል። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገሉ፤ የእንኳን ደስ አለሽ ካርዱ ላይ እርስዎም ፈርመዋል። የልደት ሰዓቷን የጻፍኩበት መዝገብ ወር ሲሞላ ወደ መዝገብ ቤት ይወርዳል፤ እዚያው ሆኜ እቀበለዋለሁ።