ወሬኛዋ ትራስ

ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ዳቦ ወጣ፣ ዳቦ ተሸጠ። ጡረተኛው መምህር እንደ ልማዳቸው ገና በር ሳልከፍት መጥተው ቆሙ። እንደ ልማዳቸውም "ትናንት የሰጠሽኝ ጠቆር ብሎ ነበር" አሉ። ጠቆር ያለውን እየመረጡ የሚወስዱት ራሳቸው ናቸው...

ሥራ ጨርሰን ወደ ቤት ስንወጣ ባለቤቴ ደረጃው መሐል ላይ ቆመ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤታችን ያለችው ደረጃ ምን ታህላለች? ግድግዳውን እያየ "ይሄ ቀለም ያስፈልገዋል" አለኝ። ትንፋሽ አጥሮት እኮ ነው። ልቡ ከደከመ ወዲህ ያልመረመረው ግድግዳ የለም። እኔም "እውነትህን ነው፣ ያስፈልገዋል" አልኩ። ምን ልበል?

ጥቅምት 9

ሐኪም ቤት ዋልን። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ ስታወራ አትቸኩልም። ከአንድ ዓመት ወዲህ ሁለት ጊዜ በድንገተኛ ገብቶ ተኝቷል። "ሦስተኛውን አልፈልገውም" አለችው። "በገቡ ቁጥር ልብዎ የሆነ ነገር እዚህ ጥሎ ነው የሚወጣው። የጣለውን መልሶ አያገኘውም።" ይቺ ንግግር ሆዴ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ከዚያ ከመሳቢያዋ አንዲት ነገር አውጥታ መዳፏ ላይ አሳየችን። የወረቀት መያዣ ሽቦ ታክላለች። በብሽሽት በኩል በደም ሥር አስገብተው፣ ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ሥር ውስጥ ያስቀምጧታል። ደረት መክፈት የለ፣ ምን የለ።

"ባትሪዋ ሲያልቅስ?" አለ የኔ ጌታ።

"ባትሪ የላትም አባባ።"

"ታዲያ በምንድን ነው የምትሠራው?"

"በትራስ።"

ተያየን። ቀለደችብን እንዴ? አልቀለደችም። ጠዋት ጠዋት አንድ ትራስ ላይ ጋደም ይላል። ትራሷ ውስጡ ያለችውን ትጠይቅና የግፊቱን ቁጥር ለሐኪም ቤቱ ትልካለች። እዚያ የምትከታተል ነርስ አለች። ግፊቱ ሲጨምር እግሩ ከማበጡ፣ ትንፋሹም ከማጠሩ በፊት ቀድመው ያውቃሉ። የሱ አባት በዚሁ በሽታ ነው የሄዱት። ያኔ ምን ነበር? ያበጠ እግር በአውራ ጣት ጫን አድርጎ የጎደጎደውን ማየት... ያኔማ ጊዜው አልፏል።

አዲስ ኪኒንም ተጨምሮለታል። ለስኳር በሽታ የወጣ ነበር፣ ኋላ ለደከመ ልብም እንደሚበጅ ታወቀ አለች። "ስኳር የለብኝም እኮ" ብሎ ሙግት ገጠማት። "ለልብዎ ነው አባባ።" "ልቤን ስኳር ያዘው?" በሳቅ ልትሞት!

ጥቅምት 17

አስገቡለት። ውጭ ቁጭ ብዬ የማልሳለው ስለት አልነበረም። ብዙም ሳይቆዩ አወጡት። ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያለው "ዛሬ ዳቦ ቤቱን ዘጋሽው?" ነው። ደሜ ፈላ። ከዚያ ደግሞ እጁን ይዤ አለቀስኩ። ዱቄት ያልነካው እጁን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ጥፍሩ እንዲህ ንጹሕ ነው ለካ።

ጥቅምት 21

ትራሷ ቤት ገባች። ጋደም አለባት፣ ቁልፏን ተጫንኩለት። "አትንቀሳቀስ።" "አልተንቀሳቀስኩም።" "አታውራ።" "አንቺ ነሽ የምታወሪው።" ጨረሰች። ልቡ ያለውን ሁሉ ተናግራ ጨረሰች።

"ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ኖሬ ልቤ ብቻ ነበር የቀረኝ" አለ እየተነሳ። "እሱንም ወሬኛ ሾማችሁበት።"

ኅዳር 2

ነርሷ ደወለች። ድምጿ ማር ነው፣ የያዘችው ወሬ ግን... ግፊቱ ጨምሯል። "ጨው ይበላሉ እንዴ አባባ?" አለች። የሚበላውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ምሳውን እኔ ነኝ የምሠራው፣ ራቱንም እኔው፣ ዳቦውን ሳይቀር ጨው ያልነካው ለብቻ እጋግርለታለሁ። ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን ጨመረችለት።

ስልኩን ዘግቼ ዞርኩበት። ደብቀህ ምን በላህ? ምንም። ማልልኝ! ማለ። በአባቱ አጥንት ማለ። ኮቱን በረበርኩ። አንድ ከረሜላ ከነወረቀቱ፣ ሌላ ምንም። "ሆድ ያባውን ትራስ ያወጣዋል!" አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

ኅዳር 3

አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩትም። ዳቦው ግን ጥሩ ነበር።

ኅዳር 11

ምድጃው ተበላሸ። ጠጋኙ መጥቶ ሆዱን ከፍቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ። ዕቃ እስኪመጣ ይጠበቃል አለ። ሰውዬው ሥራ ፈቶ ከመስኮት ወደ መስኮት ይዞራል። መምህሩ ዳቦ ከሌላ ቦታ ገዝተው፣ በእኛ በር በኩል ከኮታቸው ሥር ሸፍነው አለፉ። የታባታቸው! አየናቸው።

ኅዳር 20

ነርሷ ደወለች። "እትዬ፣ ዛሬ እንኳን የምሥራች ነው፣ በደንብ ወርዷል። ምን አደረጋችሁ?" ምን አደረግን? ምንም አላደረግንም። ምድጃ ተበላሸብን አልኳት። ደረጃውን ዛሬ ወሬ እያወራልኝ ነው የወጣው። ስለ ግድግዳው አላነሳም።

ኅዳር 24

ምድጃው ተሠራ። ዳቦ ወጣ። እንዴት ደስ እንዳለው! በሰልፉ መሐል እያፏጨ ወጥቶ ገባ።

ታኅሣሥ 1

ጨመረ። እንደገና...

ዶክተሯ አስጠራችን። ሥራ ሲያቆሙ ይወርዳል፣ ሥራ ሲጀምሩ ይጨምራል አለች። ምናልባት ሙቀቱ፣ ሸክሙ፣ ድካሙ ይሆናል። "ቢተዉት ይሻላል አባባ።"

"ሙሉ በሙሉ?" አለ።

"ሙሉ በሙሉ።"

ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን እየዞረ ዳሰሰው። አንጀቴን በላው። በልጅነቱ አባቱ ጎን በሳጥን ላይ ቆሞ ሊጥ ያሸ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ምን ያውቃል? ግን ደግሞ ሦስተኛውን... እኔ ዳቦ አይደለም የምፈልገው። እሱን ነው የምፈልገው።

ታኅሣሥ 4

እስከ እሑድ ልሥራና እሰናበታለሁ አለ። ደንበኞቼን ሳልነግራቸው አልቆምም። እሺ አልኩ። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ታኅሣሥ 5

ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?

ዛሬ ባንኮኒው ጋ መቆም አቃተኝ። ዘግቼ ወደ ምድጃው ክፍል ገባሁ፣ አጠገቡ ልቁም ብዬ። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እየሠራ አላየኝም ማለት ይቻላል። ጨውን በውሃ አሟሟ። ዱቄቱ ላይ ከማፍሰሱ በፊት በማንኪያ ቀድቶ ዋጥ! ትንሽ ጨው ጨመረ። አማሰለ። እንደገና ቀድቶ ዋጥ!

"ምን በላህ?" አልኩ።

"የት?"

"አሁን!"

"ምንም አልበላሁም። ምነው አንቺ ሴት?"

"ማንኪያው!"

ማንኪያውን አየው። ከምሩ ነው ያየው፣ የሰው ዕቃ እጁ ላይ እንዳገኘ። "እሱማ ቀመስኩ እንጂ መቼ በላሁ!"

በእያንዳንዱ ሊጥ እንዲሁ ነው። ከምድጃ ከሚወጣውም የመጀመሪያውን ዳቦ ጫፉን ቆርሶ ያኝካል። ከጠዋት እስከ ማታ! በአባቱ አጥንት ሲምል አልዋሸም እኮ። ለዳቦ ጋጋሪ መቅመስ መብላት አይደለም። እኔስ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! አይቼው አላየሁትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይላሉ፣ ዓይንም ለካ ያው ነው።

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ማንኪያውን አስቀምጦ አጠገቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

"አባቴም እንዲሁ ነበር የሚቀምሰው" አለ።

የገደላቸው ጨው ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አሁን ማን ያውቃል? ያኔ ውስጥ ገብቶ የሚጠይቅላቸው አልነበረ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ።

ታኅሣሥ 6

ለነርሷ ነገርኳት። ከዚያ ስልኩን ከአፏ ስታርቅ ተሰማኝ። ስትስቅ እኮ ነው። ለዶክተሯ ነግራት መልሳ ደወለች። ሥራውን አሁኑኑ አይተዉ፣ መቅመሱን ይተዉና ትራሷ ምን እንደምትል እንይ ተባለ። "ካልሆነ ቀምሰው ይትፉት" አለች ምስኪን።

ሲሰማ ተቆጣ! "እህል ይተፋል? ምን ዓይነት ሰው ነው እህል የሚተፋ?" በሚዛን ለካ አልኩት። ሚዛን ምላስ የለውም አለኝ። ዱቄቱ ዛሬ ሌላ ነው፣ ነገ ሌላ ነው... እንግዲህ የቀረው የኔ ምላስ ነው። እሱን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደመሰለ ብጽፈው ደስ ባለኝ።

ታኅሣሥ 8

ትምህርት ተጀመረ። በጣቴ ጫፍ ነክቼ እቀምሳለሁ፣ እሱ ፊቴን ያነባል።

"እንዴት ነው?"

"ጨው ጨው ይላል።"

"ምን ሊልሽ ኖሯል? ማር ማር?" እጁ ወደ ማንኪያው ሄደ። መታሁት። ወደ ኋላው አጣመረው።

ታኅሣሥ 9

ዳቦው አልጫ ሆነ። መምህሩ ተመልሰው መጡ። "ዛሬ ዳቦው ታሟል እንዴ?" ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ከውስጥ ሰማ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወጣና "ባለቤቴ እየለመደች ነው መምህር፣ ታገሡን" አላቸው። ዞር ብዬ ቅርጫት የማስተካክል መሰልኩ።

ታኅሣሥ 28

ወረደ! ከወረደም ሰነበተ። ዛሬ ዶክተሯ ራሷ ኮምፒውተሯ ላይ በሚታየው የግፊቱ መሥመር ጣቷን እያስኬደች አሳየችን፤ ቁልቁል ሄዶ ሄዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል። ልብህ ዳነ አላለችም። ድካሙ አለ፣ ኪኒኑም ዕድሜ ልክ ነው፣ ከባድ ጆንያ አይነሳም። ግን መጋገሩን መቀጠል ይችላሉ አለች። ባርኔጣውን አንስቶ ራሱ ላይ ደፋ፤ ወዲያው አውልቆ እጅ ነሳት። ልጅቷ አፈረች።

በሩ ጋ ስንደርስ ቀስ ብሎ "ነገ ቀደም ብለን እንግባ፣ ዱቄት ይመጣል" አለኝ። እንግባ አለ። ሁልጊዜ ልግባ ነበር የሚለው።

ጥር 7

ጉንፋን ጣለኝ። አፍንጫዬ ተደፍኗል፣ ምላሴ እንጨት ሆኗል። ሎሚ መጠጥኩ፣ ውሃ መሰለኝ። ልነሳ ስል መልሶ አስተኛኝ። "ተኚ፣ እኔ አውቃለሁ" ብሎ ወረደ።

ምንድን ነው የሚያውቀው? ጨው ውሃውና እሱ ብቻቸውን... ማንም አያየውም። አንድ ማንኪያ ምን አላት ይላል። ሁለተኛዋም ምን አላት ይላል። ትራሷ ትናገራለች፣ ግን እስክትናገር? አልጋው እሾህ ሆነብኝ። ጋቢ ደርቤ ደረጃውን እየተደገፍኩ ወረድኩ።

ጫጫታ ሰማሁ። የምድጃው ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መምህሩ ማንኪያ ይዘው መሐል ቆመዋል፣ ከኋላቸው የሰልፉ ሰው በሙሉ ገብቷል። "አንሷል" ይላሉ መምህሩ። "ኧረ በዝቷል!" ትላለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን። ሌላው "ልቅመስ እስቲ" ብሎ ይጋፋል። ሊጡ ሳይቦካ ሊመሽ ነው። ሰውዬው ጥግ ላይ ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ቀብሮ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ቆሟል።

አየኝ። ምንም አልጠየቅኩትም።

"አልቀመስኩም" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ከአፉ ወጥቶ የማያውቀው ሰው፣ "ካንቺ ጋር ገና ብዙ መኖር እፈልጋለሁ" አለ።

መምህሩ ማንኪያውን አስቀመጡ። እኔ ደግሞ አስነጠሰኝ።

"ይማርሽ" አለ ሰውዬው። "በይ ግቢና ተኚ፣ ሥራ አታስፈቺን።"