የእጅ ጽሑፉ ስላላማረው ማመልከቻ

ጅግጅጋ፣ ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውጭ ሀገር ትምህርት ዕድል አጣሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ፣ የምግብ ፍላጎትዎስ? በተለይ የቀኝ እጅዎ ደኅንነት ዘወትር ያሳስበኛል። አራት ዓመት ሙሉ «አይቻልም» ከሚል ቃል ሥር ሲፈርም የኖረ እጅ መድከሙ አይቀርምና፣ እኛ እዚህ ያለነው እንዲበረታልዎ ከመመኘት አልቦዘንንም።

እኔ መምህርት ለተሥላሴ ሀብተየስ ነኝ፤ በስሜ ባያውቁኝ በመዝገብ ቁጥሬ ሳያውቁኝ አይቀሩም። አያቴ ወታደር ሆነው ጅግጅጋ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር ይኸው አሥራ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ፈንጂ እጅ እግራቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ቁስላቸው ሲደርቅ ድናችኋል እየተባሉ ወደ ቤታቸው ሲሰናበቱ አየሁ። ድነዋል፤ ግን የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ፣ ሻይ መቅዳት፣ የቀድሞ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም። ስለዚህ በአባቴ ግቢ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ከሰዓት በኋላ እየሰበሰብኳቸው፣ በገመድ፣ በእንጨትና በግምት የሚቻለኝን ማስተማር ጀመርኩ። በግምት ማለቴን ልብ ይበሉልኝ፤ የዚህ ሁሉ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ኮሚቴዎ በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አስለጠፈ። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል፣ አካሉ የተጎዳ ሰው የዕለት ኑሮውንና ሥራውን እንደገና እንዲለምድ የሚረዳ ሙያ በውጭ ሀገር በሁለተኛ ዲግሪ እንደሚሰጥ፣ «በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው» ሁሉ ማመልከት እንደሚችል ይገልጻል። እልል ብዬ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ። የምሠራው ነገር ስም እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ደስታ ከልብ አመሰግንዎታለሁ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ደስታ ነውና። ቅሬታዎቼን ደግሞ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ማመልከቻዬ በሦስተኛው ወር፣ «የእጅ ጽሑፉ ሥርዓት የጎደለውና የአመልካቿን ግዴለሽነት የሚያሳይ ስለሆነ ተስተካክሎ ይቅረብ» ተብሎ፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ተመለሰ። ኮሚቴው ለጽሑፍ ውበት ያለውን ተቆርቋሪነት አደንቃለሁ። በራሴ እጅ ገልብጬ እስክልክላችሁ የዚያ ዓመት ምዝገባ አለፈ።

2ኛ. በተከታዩ ዓመት የተመረቅሁት በጂኦግራፊ በመሆኑ ለሙያው ባዕድ ነሽ ተባልኩ። «ማንኛውም» ከሚለው ቃል ውስጥ ጂኦግራፊ መቼ እንደወጣ ብጠይቅ፣ ማስታወቂያው የተጻፈው ሕዝቡን ለማበረታታት እንደሆነ አንዲት ትሁት ጸሐፊዎ አስረዱኝ። የሆነው ሆኖ የሰውነት አካላትና የሥነ ልቦና ትምህርት ባሟላ እንደሚታይልኝ ስለተነገረኝ፣ ሁለት ክረምት በወታደር አጀብ ካራማራን እየተሻገርኩ ሐረር ተመላለስኩ። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ከአሥራ ስምንት ዓመት የነርስ ተማሪዎች መካከል ተቀምጣ የክርን አጥንት ስም ስትሸመድድ ቢያዩ፣ እርስዎም እንኳ ሳያዝኑ አይቀሩም ነበር።

3ኛ. ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ስጠራ ባቡሩ መንገድ ላይ ኤረር ሲደርስ ተበላሽቶ አንድ ቀን ተኩል ፀሐይ ላይ ቆየን። ጉድ ሆንኩ፣ ዘገየሁ ብዬ ከጣቢያው እስከ ቢሮዎ በሩጫ ብመጣ፣ ቃለ መጠይቁ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፉን የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። ወረቀቱ ከመሰንበቱ የተነሣ ቢጫ ሆኗል። እኔን ከመዘግየት ሐፍረት ለማዳን አስቀድመው ይህን ያህል ስለተጨነቁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

4ኛ. በሚቀጥለው ዓመት፣ በሀገራችን እንዲህ የሚባል የሥራ መደብ የለም ተባልኩ። መደቡ የሌለው በሙያው የተማረ ሰው ስለሌለ ነው፤ የተማረ ሰው የሌለው ደግሞ መደቡ ስለሌለ ነው።

5ኛ. ይህኛውን በቁጥር ማስገባት ይከብደኛል። ኻድራ የምትባል ወተት ሻጭ ነበረች፤ ግራ እጇ ከክርኗ በታች የለም። ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሕፃን ልጇን የሰው እርዳታ ሳትጠይቅ ማዘል። ከቆዳና ከሸራ ማሰሪያ ሠራሁላት፤ አዘለች፤ ሁለታችንም አለቀስን። በሦስተኛው ሳምንት ማሰሪያው የክንዷን ጫፍ ልጦት፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሐኪሞቹ ከክርኗ በላይ ደግመው ቆረጡት። የቱ ጋ መጥበቅ እንደሌለበት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም ነበር። እኔ አላውቅም ነበር፤ አስተምሩኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ኻድራ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ፣ ወተቱን ትታ ቤቷ ተቀመጠች። ይህ ከእርስዎ ደብዳቤዎች ሁሉ ይከብደኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከጥፋቱ እርስዎን የምጋብዝዎ ቁራሽ ያህል ብቻ ነው።

6ኛ. ዘንድሮ በላኩልኝ የመጨረሻ ደብዳቤ፣ «አመልካቿ በሙያው የተግባር ችሎታ ያላት ለመሆኑ ማስረጃ አላያያዘችም፤ ዕድሜዋም ከሠላሳ አምስት ዓመት ስላለፈ ፋይሉ ተዘግቷል» ብለውኛል። ሳመለክት ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬ አልፎ ከሆነ ያለፈው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን እጠይቅዎታለሁ? ምንም። ክፍሏን ዘግቻታለሁ። ከኻድራ ወዲህ የሰው ገላ መንካት እፈራለሁ። አምስት ሰዎች ግን አሁንም ከሰዓት በኋላ እየመጡ በሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለምደውት ነው መሰለኝ። ምን ብዬ እንደምመልሳቸው ካወቁ ይጻፉልኝ፤ ጽሑፍዎ ባያምርም አነበዋለሁ።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ የቀይ እስክሪብቶዎም ቀለም እንዳይደርቅብዎ እየተመኘሁ፣ ያባከንኩብዎትን ውድ ጊዜ ይቅር እንዲሉኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለሙያው ባዕድ የሆነችው፣
ለተሥላሴ ሀብተየስ

ግልባጭ፦
ማስታወቂያዎ ተለጥፎበት ለነበረው የትምህርት ቤታችን ሰሌዳ፤ ምስማሩ አሁንም አለ።

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፣ በራሴ እጅ የተጻፈ፦ ይህንን ደብዳቤም፣ በ1976 የመለሱትን የመጀመሪያውን ማመልከቻም የጻፈልኝ አቶ ዲሪዬ ነው። ዲሪዬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ፣ በእጅ ጽሑፉ ከተማው የሚያውቀው ሰው ነበር። ፈንጂ ቀኝ እጁን ወሰደበት። አሥራ አራት ወር በዚያች የቆርቆሮ ክፍል በግራ እጁ ከሀ ጀምሮ አስለመድኩት፤ የእኔ ማመልከቻ በዚያ እጅ የጻፈው የመጀመሪያው ሙሉ ገጽ ነበር፤ ምርቃቱ ይሁን ብዬ ነው ያጻፍኩት። እንዳልነግርዎ ለምኖኝ ነበር፤ ጽሑፉ እንደማንኛውም ጸሐፊ ጽሑፍ እንዲታይለት እንጂ እንዲታዘንለት አልፈለገም። ቀይ መስመርዎን ያየ ዕለት ጠረጴዛውን አጥፎ ቱሊ ጉሌድ የሚባል መንደር ወንድሙ ዘንድ ገባ፤ አራት ዓመት ብዕር አልያዘም፤ ዛሬም ለምኜ ነው ያመጣሁት። የጠየቁኝ የተግባር ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅዎ ላይ ነበር፤ አስምረውበት መለሱት። ዲሪዬ የእርስዎን ማዕረግ የያዘውን መስመር ሦስት ወረቀት ቀድዶ ነው የጻፈው፤ ይበቃል ብዬው እምቢ አለኝ። አሁንም ይመልሱታል ብሎ ፈርቶ ነው።