ገመዱን የለቀቀው እጄ

ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ቀን 2017

ዛሬ ጓደኛዬን ሰላምን ልገድላት ነበር። እሷ ግን አላወቀችም።

እዚሁ ልደታ፣ ዓለት መውጣት በምንለማመድበት ግድግዳ ላይ ጫፍ ልትደርስ ትንሽ ነበር የቀራት። እኔ ከታች ገመዷን ይዣለሁ። ብትወድቅ የሚያቆማት ይኸው ቀኝ እጄ ነው። «ሐሳብሽን ሰብስቢ፤ የእግርሽን ጣት አዳምጪ፤ ትንፋሽሽን አታፍኚ» እያልኩ እመክራታለሁ። በመሀል የአካባቢው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። እጄ ገመዱን ለቆ አማተበ። ከልጅነቱ የለመደው ነው፤ እኔን አልጠየቀኝም። ሰላምን ያን ጊዜ አዳለጣት።

ገመዱን መልሼ ስይዘው መዳፌን ላጠው። ወለሉ ላይ ልትፈጠፈጥ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

«የኔ ጥፋት ነው፤ ሐሳቤ ተበታትኖ ነበር» አለች። ደግሞ አቅፋ ሳመችኝ። «አንቺ ባትኖሪ ዛሬ አልቆልኝ ነበር!»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አይዞሽ» ብቻ አልኳት።

ወደ ሜክሲኮ ስንሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በር አለፍን። ሰላም ስለ መትረፏ ቆማ ተሳለመች። እኔም አጠገቧ ቆሜ፣ በተላጠው እጄ አማተብኩ።