ስሟን በሚገባ ስላጠፋችሁልን

ለተከበሩ የአንጎል ምርምር ተቋም የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም አንጎልዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የአንዋር መስጊድ ሰፈር ሰዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንተነፍሳለን። ነስረዲን እባላለሁ፤ የቅመም ነጋዴዋ የጠሂራ ባል ነኝ። ስሟን በግልጽ የጻፍኩት እሷኑ አስፈቅጄ ነው፤ ልማዱ ለተቋምዎ እንግዳ ቢሆንም አይፍረዱብኝ።

ጠሂራ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ስለምትውጥ ከእኔና ከእናቷ በቀር በገበያው የሚያውቅ አልነበረም። ባለሙያዎችዎ «ለሌሎች ሕሙማን ይጠቅማል፤ ማንነትዎ አይታወቅም» ሲሏት አምናቸው እሺ አለች፤ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተኝታም የአንጎሏ ምስል ተነሳ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ምስሉን ለዓለም ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ስታካፍሉ ስሟን አውጥታችሁ በቁጥር ስለተካችሁት እናመሰግናለን። ከቁጥሩ አጠገብ «መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅመም የምትሸጥ፣ የመንታ ልጆች እናት» ብላችሁ መጻፋችሁ ደግሞ ፈላጊ እንዳይንከራተት ታስቦ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ካለ ምስል ላይ ፊትን መፋቅ እንደሚቻል ዘግይተን ሰማን። እናንተ ግን አልፋቃችሁትም። የሱቅ ጎረቤታችን የእትዬ ምስራ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለትምህርቱ ሲከፍተው፣ ኮምፒዩተሩ አፍንጫዋን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ሠርቶ አሳየው። ደንግጦ እናቱን «ይሄ የእትዬ ጠሂራ ፊት አይደለም እንዴ?» አላቸው። ከዚያ በኋላ ያልሰማ የለም።

ሦስተኛውን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል የሚል ሰው ዛሬም ስላለ፣ እጇ የነካውን በርበሬ የሚገዛ ጠፋ። ከአንድ ሳህን አብረውን ሲበሉ የኖሩት እትዬ ምስራ «እኔስ ምንም አይመስለኝም፤ ደንበኞቼ ናቸው የሚፈሩት» ብለው በሱቆቻችን መካከል መጋረጃ ሰቀሉ። መንታዎቹን ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኞቻቸው «እናንተስ መቼ ነው የምትወድቁት?» ብለው ጠየቋቸው። ያን ቀን ጠሂራ ሱቋን ዘጋች።

ቢሮዎ ስንመጣ ባለሙያዎ በትሕትና «እኛ እኮ ስሟን አጥፍተናል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሰው ስም እንዲህ አድርጎ ያጠፋ አላየሁም። ጠሂራ ሰው እንዳያውቃት ያጠለቀችውን ማስክ ከፊቷ አውርዳ «ይሄንንስ ለማን ተዋችሁት?» አለቻቸው። እሳቸው ምስሉን ከድረ ገጹ እንደሚያነሱ፣ ሰው የወሰደውን ግን ማስመለስ እንደማይችሉ ነገሩን። «ከፈለጉ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ» ሲሏት በንዴት ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አንጎሌንማ አጥኑት፤ እንደኔ የሚወድቅ ልጅ አለ» አለች። «የሌሎቹን ሰዎች ፊት ግን ዛሬውኑ ፋቁ።»

ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። የሌሎቹ ፊት ይፋቅ አይፋቅ እስካሁን የመለሰልን የለም።

ሥራ ስለበዛብዎ ከዚህ በላይ አላደክምዎትም። አላህ እርስዎንም ምስልዎንም ከመልካም ሰዎች በጎ ፈቃድ ይጠብቅልን።

ሳይጠየቅ ከታወቀ ቤተሰብ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ነስረዲን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን በስምዎ ልጽፍ ፈልጌ ጸሐፊዎን ስምዎን ብጠይቃት «ይቅርታ፣ የሠራተኞቻችንን የግል መረጃ ለውጭ ሰው አንሰጥም» አለችኝ። ለካ ሲፈለግ የሰው ምስጢር መጠበቅ ይቻላል።