የሁለት ኮቢና እናት፦ የማሜ ኤፉዋ ኤሱዎን የሕይወት ታሪክ

ማሜ ኤፉዋ ኤሱዎን ከአባታቸው ከጀልባ ጠራቢው ከኮቢና አሚሳና ከእናታቸው ከአማ ክዋንሲማ በሰኮንዲ፣ ከወደቡ ግርጌ ባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር፣ በዕለተ ዓርብ ተወለዱ። ዓርብ የተወለደች ሴት ኤፉዋ ናትና ኤፉዋ ተባሉ፤ ለእናታቸው ሰባተኛ ስለሆኑም ኤሱዎን ተጨመረበት። ማሜ ያልናቸው እኛ ነን፤ እናት ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱን የጻፈ ሰው የለም። አገሪቱ ነፃ በወጣች ጊዜ ግን የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ስለነበር፣ በሰልፉ መካከል ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ እንደነበር ራሳቸው ያወሩን ነበር። ቁጥር የሚወድ ከዚያ ያስላው።

ትምህርትን በሚመለከት፣ በሜቶዲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ ያልሄዱት ጭንቅላት አንሷቸው አይደለም፤ ወንድማቸው እንዲማር አንድ ሰው ቤት ቀርቶ ዓሣውን ማገላበጥ ስለነበረበት ነው። ያ ወንድማቸው በኋላ የእኔ ባል ሆነ። እኔ አጁዋ እባላለሁ፤ ይህን የማስጽፈው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠረችው የልጅ ልጄ ስትጽፍልኝ «ታታሪ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ» ብላ ጀምራ ነበር፤ አስፋቅኋት። ማሜ ኤፉዋ ሰው አክባሪ አልነበሩም። ሰው ወዳጅ ነበሩ። ይለያያል።

ከእናታቸው የወረሱት ሥራ ዓሣ በጭስ ማድረቅ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚሁ ኖሩ። እኔ በሙሽርነት ስገባ በሽቦ ወንፊት ላይ የደረደርኩትን የመጀመሪያውን ዓሣ አሳረርኩት። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ፣ ሚስት አግባ አልኩህ እንጂ ከሰል አክሳይ አምጣ አልኩህ?» አሉት። ይህችን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ተረት ሲያወሯት ኖሩ። በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖርን የማንጣላበት ሳምንት አልነበረም። ነፋስ የእኔን ጭስ ወደ እሳቸው ከነዳው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሳቸውን ወደ እኔ ከነዳው ጥፋቱ የነፋሱ ነው።

ከባቡር ሠራተኛው ከክዌሲ አፉል ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ልጆች ወለዱ። አልቆዩላቸውም። የቆየላቸው ኮቢና ብቻ ነው። ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ኮቢና ነው፤ አያቱም ኮቢና ነበሩና ሽማግሌው ሕፃኑን አቅፈው «ሙሉ ስሜን ይውሰድ» አሉ። በሁለተኛው ዓመት የእኔም ልጅ ማክሰኞ ቀን ዱብ አለ። ሽማግሌው ለእርሱም ያንኑ ስም ሰጡት። «አባባ፣ ስሙ እኮ ተይዟል» ብላቸው፣ «ስም እንደ በቆሎ ኬንኬ ሲቆርሱት ያልቃል እንዴ?» አሉኝ። በዚህ ምክንያት በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሁለት ኮቢና አሚሳ አደጉ። ትልቁ የእሳቸው፣ ትንሹ የእኔ።

ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ትልቁ ኮቢና ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ለአባቱ የመጀመሪያውን አፈር አለበሰ። ማሜ ኤፉዋ አይተው፣ «አሁን ገባኝ፤ ሰው የሚወልደው ለዚህች ቀን ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የፈሩት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ልጅ ሳይቆምላቸው መቀበርን።

ሁለቱ ኮቢናዎች ባሕር ኃይል ገቡ፤ በአንድ መርከብ ላይም ተመደቡ። መርከቡ መጀመሪያ ሲወጣ እኛ እናቶቹ በወደቡ ድንጋይ ላይ እዚህም እዚያም ተበታትነን፣ ሁላችንም የየራሳችንን እንባ ይዘን ቆመናል። ማሜ ኤፉዋ ዞረው አዩንና፣ «ምነው እንደ ተጣላ ዶሮ ተራርቃችሁ ቆማችሁ? መርከቡ አንድ፣ ውሃው አንድ! ኑ ወዲህ!» ብለው ጮኹብን። እኔንም ያን ዕለት ክንዴን ያዙኝ። እኔንና እሳቸውን ሽማግሌ አላስታረቀንም፤ መርከብ ነው ያስታረቀን።

በእኛ ባሕር ማክሰኞ መረብ አይጣልም። ቀኑ የባሕሩ የራሱ ነው፤ ጀልባው ሁሉ አሸዋ ላይ ይወጣል፣ ምድጃውም ይቀዘቅዛል። የባሕር ኃይል መርከብ ግን ማክሰኞን አያውቅም። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ በማሜ ኤፉዋ የዓሣ ማድረቂያ ዳስ መሰብሰብ ጀመርን። ልጇ ባሕር ላይ ያለ እናት በዚያ ቀን ብቻዋን አትበላም። አንድ ድስት ይጣዳል፣ ከአንድ ሰሐን ይበላል። ንግግርም ወሰኑብን፤ «ልጄ ሄደ» አይባልም፣ «ውሃ ላይ ነው» ይባላል። የሄደ ሰው ላይመለስ ይችላል፤ ውሃ ላይ ያለ ግን ያለ ነው። አንድ ቀን ራዲዮኑ ስለ ባሕር ወንበዴዎች ሲያወራ የሰማች አዲስ እናት እጇን ከሰሐኑ መለሰች። «ማሜ፣ ልጄ እኮ ዋና እንኳ አይሆንለትም» አለቻቸው። «መርከቡ ይሆንለታል። ብዪ» አሏት። በላች።

ከዚያ ያ ክፉ ሐምሌ መጣ። መርከቡ ሳይገባ ወሬው ቀድሞ ገባ። ማዕበል አንድ መርከበኛ ወስዷል። አንድ የባሕር ኃይል መኮንንና አንድ ቄስ በመኪና መጥተው ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ላይ ሴቶቹን፣ «የኮቢና አሚሳ እናት ቤት የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹም ቅርብ ያለውን በር አሳዩአቸው፤ የእኔን። ማንም አልዋሸም። ለተጠየቁት እውነቱን ነው የነገሩት።

መኮንኑ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እናቴ፣ ኮቢና አሚሳ ከባሕር አልተመለሰም» አለኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን የምናገረው ሌሎች የነገሩኝን ነው፤ እኔ መሬት ላይ ነበርኩ።

ማሜ ኤፉዋ ዓሣቸውን እሳት ላይ ትተው ሮጠው መጡ። የራስ ሻሻቸውን ፈትተው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ኮቢና! ኮቢናዬ! ስሙን ላወረሰህ ሽማግሌ ምን ብዬ ልመልስ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ከእናቶቹ አንዷ፣ «የትኛው ኮቢና ነው ግን?» ብላ ጎረቤቷ ጆሮ ላይ አንሾካሾከች። ማሜ ኤፉዋ ሰሟት። «ዝም በዪ! በለቅሶ ቤት የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል?» አሏት። ፊቴን አጠቡኝ፤ ውሃ በማንኪያ አጠጡኝ፤ ከጎኔም ሳይለዩ አደሩ። ምድጃቸው ላይ የነበረው ዓሣ ሁሉ ከሰል ሆነ። የእሳትና የዓሣ ነገር አንዲት እንኳ የማታመልጣቸው ሴት፣ የዚያን ቀን ዞር ብለው አላዩትም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መርከቡ ወደብ ገባ። እናቶቹ ግቢዬን እንደ ሞሉ ትንሹ ኮቢና የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ በበሩ ብቅ አለ። የራሱን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መሰለ። መጀመሪያ ያዩት ማሜ ኤፉዋ ነበሩ። ራሴን ከጭናቸው ቀስ አድርገው አንሥተው ከእናቶቹ ለአንዷ አቀበሏት፤ ሄደውም ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። እሱ «አክስቴ…» ብሎ ጀመረ። ሊነግራቸው የመጣውን አላስጨረሱትም።

«ግባ ልጄ» አሉት። «እናትህ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ አብላት።»

ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔ ልጄን አንድ ጊዜ አቅፌ ተከተልኳቸው። ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ያረረውን ዓሣ አንድ በአንድ ከወንፊቱ ላይ ያነሣሉ። «ማሜ፣ የእርስዎ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ስሙን ስሰማ ሁለቱም ሞቱብኝ» አሉኝ። «ሁለቱንም አለቀስኩ። ትናንት ላንቺ ብዬ ለይምሰል አልቅሼ ቢሆን ኖሮ በገዛ ልጄ ላይ ማላገጤ ነበር። አሁን አንዱ ተመልሶልኛል። የማን ነው ብዬ አልጠይቅም፤ አንቺም ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።» ከዚያ ከሰል በነካው እጃቸው ፊቴን ያዙኝና አብረን አለቀስን። ማን ለማን እንዳለቀሰ አልለየንም።

አስከሬኑ አልተገኘም። የቤተሰባችን አለቃ ናና ባይዱ ባዶ ሣጥን እንቅበርና ለቅሶው ይውጣ አሉ። «ባዶ ሣጥን የሚጠቅመው አናጢውን ነው» አሏቸው ማሜ ኤፉዋ። «ልጄ የሚቀበረው እኔ ስቀበር ነው።» ባሕር ኃይል ያመጣላቸውን የልጃቸውን ነጭ ቆብ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓሣ አድርቀው ሸጡ እንጂ በአፋቸው አላዞሩትም። ለምን ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የባሕር ዳር ሰው ዓሣ ባሕር ውስጥ ምን እንደሚበላ ያውቃልና ይህን አይጠይቅም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ዳሳቸው ተዘግቶ እናገኘዋለን ብለን እየፈራን ስንሄድ ድስቱ ተጥዶ ጠበቀን። «ምን ትገተራላችሁ?» አሉን። «የሌሎቻችሁ ልጆች ውሃ ላይ አይደሉም እንዴ?» በዚያ ቀን አንድ ሕግ ጨመሩ። የመርከብ ሰው መጥቶ «የእገሌ እናት ማን ናት?» ካለ ሁላችንም እንነሣለን። ክፉ ወሬ ሲመጣ ብቻዋን የቆመች ሴት እንዳያገኝ። አንድ ጊዜ አንድ ለጋ መኮንን የመጣው ለሠርጉ ሊጠራን ነበር፤ ያ ሁሉ ሴት በአንድ ላይ ብድግ ሲልበት ደንግጦ ወደ መኪናው ሸሸ። ማሜ ኤፉዋ ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ያን ቀን ነው፤ እንደ ልጅነታቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

ትንሹ ኮቢና ከባሕር በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚገባው ወደ እሳቸው ቤት ሆነ። እኔ በአጥሩ ላይ ድምፁን እየሰማሁ እጠብቃለሁ። አንዴ ቢቆጨኝ፣ «የወለደችው ምን በደለች?» አልኳቸው። «አንቺ ወለድሽው፣ እኔ ከሞት ተቀበልኩት። ምን ታፈጪብኛለሽ!» አሉኝ።

ማሜ ኤፉዋ ባለፉት ሁለት ዓመታት በስኳር በሽታ ሲሠቃዩ ቆይተው እግራቸው ከዳቸው፤ በሐኪም ቤትም በቤታቸውም ሲታከሙ ነበር። የማክሰኞ እናቶች ተራ ገብተን አስታመምናቸው። ሰውነታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው አልደከመም፤ ሾርባዬን ቀምሰው «ዛሬም ታሳርሪያለሽ?» ብለውኛል። በመጨረሻው ሰሞን ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ኮቢና የት ነው?» አሉኝ። «ውሃ ላይ ነው» አልኳቸው። የትኛውን እንደ ጠየቁኝ አላወቅሁም። መልሱ ለሁለቱም አንድ ነው።

«እንግዲያው ጠብቁት» አሉ። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 2024፣ ጀልባው ሁሉ አሸዋ ላይ በወጣበት ማክሰኞ ቀን አረፉ።

ጠበቅነው። መርከቡ ሩቅ ነበርና አስከሬኑ ሐኪም ቤት ተቀምጦ ሳምንታት አለፉ። ናና ባይዱ «ሬሳ መርከብ አይጠብቅም» ሲሉኝ፣ «እኚህ ሴት ሲጠብቁ ነው የኖሩት፤ ጥቂት ቀን አያቅታቸውም» አልኳቸው። መርከቡ ባለፈው ሐሙስ ገባ። ትንሹ ኮቢና የትልቁን ነጭ ቆብ ከጨርቁ ፈትቶ በገዛ እጁ በእናቱ ክንድ ውስጥ አኖረው። ስለዚህ ለቀስተኞች ሆይ፣ ዛሬ የምንቀብረው አንድ ሰው አይደለም። ለልጁ ያላለቀሰ ካለ፣ ቀኑ ዛሬ ነው።

ናና ባይዱ ይህን ጽሑፍ አስነብበው ከሰሙ በኋላ፣ «ኮቢና ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ሕዝቡ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይለዋል። ደግሞም በእኛ ባህል ልጅ የእናቱ ወገን ነው፤ ትንሹ የኤፉዋ ልጅ ተብሎ አይጻፍም» አሉኝ።

«እናቱ ማን ናት?» አልኳቸው።

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ ልጄን ሰጥቻቸዋለሁ። ይጻፍ።»

ተጻፈ። ማሜ ኤፉዋ ኤሱዎን በባለቤታቸው በክዌሲ አፉል፣ በወንድማቸውና ባሕር በያዘው ልጃቸው በኮቢና አሚሳ በሞት ተቀድመዋል። ልጃቸውን ኮቢና አሚሳን፣ የወንድማቸውን ሚስት አጁዋን፣ የልጅ ልጆችንና የማክሰኞ እናቶችን ትተው ሄደዋል። ስሕተት የለበትም።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ሰው አሁን «የኮቢና እናት» ብሎ ሲጠራ ነጭ የለበስነው ሴቶች ሁሉ እንነሣለን፤ ማንም ግር አይበለው።

ባሕርንም ምድርንም የፈጠረ አምላክ እናትን ከልጇ በአንድ ወደብ ያገናኝ፤ ነፍሳቸውንም ማዕበል በማይደርስበት ያሳርፍ። ውሃ ላይ ላሉት ልጆች ሁሉ ውሃውን ያርጋላቸው።

ማሜ፣ ልጅዎ ቆሞልዎታል። ልጅዎም አብሮዎት ነው።