ቃሪያ እስከ ሰኞ አይነካም

እኔ ፈሪሀ ጀሚል፣ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት፣ የቆቦ ልጅ፣ ዛሬ ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አእምሮዬ ደህና ሆኖ፣ ባቴ ብቻ ተነክሶ፣ ይሄን ኑዛዜ አስጽፌያለሁ። የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ጋሽ በድረዲን ነው። «ሕሊናዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ» ብሎ ጀምሮልኝ ነበር፤ አስጠፋሁት። ተናድጃለሁ፣ ስለዚህ ታውኳል። ያስገደደኝም አለ። አጎቴ አያ አራጌ ነው፣ ይኸው ምስክር ሆኖ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በአባቴ የድሮ የሽንኩርት መጋዘን ውስጥ ስምንት ውሾች አሉኝ። አስፓልት ላይ መኪና የገጫቸው፣ ሮቢት መንገድ ዳር የተጣሉ። አሳክሜ፣ አስከትቤ፣ ወረቀታቸውን አስጨርሼ፣ ሆላንድ ላለች ማሪያነ ለምትባል ሴትዮ እልካቸዋለሁ፤ እሷ ቤት ታፈላልግላቸዋለች። ደሞዝ የለውም። ከእነዚህ በፊት አሥራ አንድ ሄደዋል። ቃሪያ የምለው ውሻ አዲስ ገቢ ነው፣ ክትባት እንኳ ገና አልጀመረም። ዓርብ ዕለት ነከሰኝ። ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሄጄ የእብድ ውሻ መርፌ ጀመርኩ። ነርሷ «ውሻውን አስራችሁ አሥር ቀን ተመልከቱት፤ ደህና ከከረመ ሲነክስሽ አላበደም ነበር ማለት ነው» አለችኝ። አሥረኛው ቀን ሰኞ ነው። አያ አራጌ ግን ዛሬውኑ ካልገደልኩት ብሎ ቆመጥ ይዞ መጣ። ለምኜው እምቢ አለኝ። የሟች ቃል አይሻርም ሲል ግን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ስለዚህ ሳልሞት ተናዘዝኩ።

ተራ ቁጥር አንድ። ቃሪያ እስከ ሰኞ አይነካም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ሲያይ ጭራውን ይቆላል።

«ጤነኛ ውሻ ያበላውን ሰው ይነክሳል እንዴ?» አለ አያ አራጌ።

«አንተንስ እንደዛ ቢያጥቡህ አትናከስም?» አልኩት። ይሄም ይጻፍ።

«የምን አጠባ ነው?» አሉ ሸህ ሙሀመድሰይድ። የሰፈራችን ሸህ ናቸው፣ ሁለተኛው ምስክር።

ነገርኳቸው። ዓርብ ቃሪያ ሄዶ ሄዶ የአያ አራጌ መስገጃ ላይ ተኛ። አያ አራጌ «ይሄ ውሻ ሰባት ጊዜ ሳይታጠብ፣ አንዱም በአፈር ሳይሆን፣ እዚህ ግቢ አያድርም» ብሎ ማለ። እሱ በጀሪካን ውሃ ያመጣል፣ እኔ አጥባለሁ። ስድስቱን ቃሪያ እንደ ጨዋ ሰው ቻለው። ሰባተኛው ላይ አያ አራጌ አፈሩን በሁለት እጁ ዘግኖ ፊቱ ላይ ለቀቀበት። ዓይኑ ውስጥ ገባ። ቅርብ የነበረው እግር ደግሞ የኔ ነበር።

ሸሁ ጥምጣማቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «አንተ አራጌ! ሰባቴ የሚታጠበው እኮ ውሻው የላሰው ዕቃ ነው!»

«ውሻውስ?»

«ውሻውማ ውሻ ነው! ሺህ ጊዜ ብታጥበው በግ ይሆንልሃል?»

ሦስተኛው ምስክር፣ ሹፌሩ አላምረው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አያ አራጌ «ይሄ አይጻፍ» አለ። ጋሽ በድረዲን «የተባለው ሁሉ ይጻፋል» አለው። ተጽፏል።

ተራ ቁጥር ሁለት። የቀሩት ሰባት ውሾች ለጎረቤቴ ለየትናየት ይሁኑ። ሸሁ «ወራሽ ላልሆነ ሰው ከሲሶ በላይ አይናዘዙም» አሉኝ። «ታዲያ ሰባት ውሻ ለሦስት ሲካፈል አንዱን ልቆርጠው ነው?» ብላቸው፣ «ውሻ አይሸጥ አይለወጥ፣ ምኑ ንብረት ሆኖ! ስጪያት» አሉ። እውነታቸውን ነው። የትናየት የወረሰችው ሥራ ነው፦ መጋዘን መጥረግ፣ ሥጋ ቤት እየዞሩ አጥንት መለመን፣ ትል የገባበት ቁስል ማጠብ። ትምህርቷን ግን እንዳታቋርጥ። እኔ አሥረኛን ያቋረጥኩት የሒሳብ አስተማሪው «ውሻ ውሻ ትሸቻለሽ» ሲለኝ ደብተሬን ወርውሬበት ነው። የሚቆጨኝ ደብተሩ ቀላል መሆኑ ነው።

ተራ ቁጥር ሦስት። ስልኬ ለእናቴ። እናቴ ውሻ አልወድም ትላለች። ግን ከላክኋቸው አንዷ፣ ቡላ፣ ሆላንድ ውስጥ ሹራብ ለብሳ፣ በረዶ ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ሰፈሩን አዙራ አሳይታለች፣ «የኔ ልጅ የላከቻት» እያለች። እማ፣ ሰምቼሻለሁ። ፎቶውን እንዳታጠፊው።

ተራ ቁጥር አራት። ወንድሜ ካሊድ ምንም አይወርስም። መጋዘን ጥረግ ስንለው ይጠፋል፣ ውሻ ሲሄድ ግን «እኔንም ላኪኝ፣ ሁለት እግር ብቻ ነው የጎደለኝ» ይላል። ማሪያነን ጠይቄለታለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት የሚተኛ አትቀበልም።

ተራ ቁጥር አምስት። አላምረው ውሾቹን በአይሱዙው አዲስ አበባ ያደርስልኛል፣ አላህ ይስጠው። ግን ጎብዬ ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ፀሐይ ላይ የሚያቆማቸውን ነገር ይተው።

«አንዴ ነው እኮ!» አለ።

ሦስቴ ነው።

የመጨረሻው። ካልሞትኩ ይሄ ወረቀት ይቀደድ፣ ከተራ ቁጥር አንድ በቀር። ብሞትም ቃሪያ ላይ ጥፋት የለም። መርፌውን በጊዜው ጀምሬያለሁ፣ ግን አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ሰኞን ከሁላችሁም በላይ የምጠብቃት እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ቃሪያ ተነስቶ ካየኝ ይበቃኛል። ዛሬ ከገደላችሁት ግን፣ በሽታው ነበረበት አልነበረበትም እያልኩ ነው የምኖረው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ጋሽ በድረዲን፣ አድምቀህ ጻፈው።

ሲነበብ አያ አራጌ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«ፈሪሀዬ፣ ይዞሽ ቢሆንስ?»

«እንጃ።»

«እንጃ ነው እኮ የገደለኝ» አለ። «አፈሩን የበተንኩት እኔ። ከዓርብ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም። አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ነው፣ ሌላ የማደርገው አጣሁ።»

ከዚያ ለጋሽ በድረዲን «የቱ ጋ ነው የሚፈረመው?» አለው።

ተናዛዥ፦ ፈሪሀ ጀሚል። ፈርሜያለሁ።

ጸሐፊና ምስክር፦ በድረዲን። ቃሏን እንዳለ ጽፌያለሁ፣ ስድቡን ቀንሼ።

ምስክር፦ ሸህ ሙሀመድሰይድ። ሰምቻለሁ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝምልን፣ ምላሷን ያሳጥርልን።

ምስክር፦ አላምረው። ሰምቻለሁ። ሁለቴ ነው።

ምስክር፦ አራጌ፣ በአውራ ጣት። ውሻው እስከ ሰኞ በኔ አማና፣ በኔ አደራ ነው። ውሃውን የማቀርበው እኔ ነኝ።