እማማ ሪስታርት፦ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ኮምፒውተር የጀመሩት እናታችን

በሥራ ቦታቸው ሁሉም «እማማ ሪስታርት» እያለ የሚጠራቸው ውድ እናታችን ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ክርና ቁልፍ ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው በ1954 ዓ.ም. የዝናቡ ወራት ሲገባ ተወለዱ። ቤታቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነበር፤ አውቶቡሶቹ ጠዋት ሞተር ሲያሞቁ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ በመሆናቸው «ሚጢጢ» ይባሉ ነበር። አያት ከሆኑም በኋላ ታላቅ እህታቸው ይህንን ስም አልተዉላቸውም።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ስንቀመጥ፣ በልጅነታቸው ለኋለኛው ሥራቸው ምልክት የሚሆን ነገር ፈልገን ነበር። አጣን። ሬዲዮ አልፈቱም፣ ሽቦ አልቀጠሉም፣ ሒሳብ ሲባል ደብተራቸውን ይደብቁ ነበር። የሰዓት ጥርሶች ወደተዘረጉበት የአባታቸው ጠረጴዛ እንኳ «ካስነጠሰኝስ?» ብለው አይጠጉም ነበር። የሚታወቁት በጨዋታ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው የመጣበትን ጉዳይ፣ የታመመበትን ዘመድና የከፋውን ነገር ሳይነግራቸው አይነሳም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ውጤታቸው ኮሌጅ የሚያስገባ አልነበረም። ብዙም ሳያዝኑ ወደ አክስታቸው የሴቶች ጸጉር ቤት ገብተው ማጠብ፣ መጠቅለልና መቀባት ተማሩ። ከአባታችን ጋር የተገናኙትም እዚያው ነው። አባታችን የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። አንድ ቀን ሙሽራ እህታቸውን ሊያደርሱ መጡና ጸጉሯ ተሠርቶ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። በሳምንቱ ሌላኛዋን እህታቸውን ይዘው መጡ። እህት ሲያልቅባቸው አክስታቸውን አመጡ። እናታችንም የአክስትየዋን ጸጉር እየጠቀለሉ «ከዚህ በኋላ ብቻዎን ቢመጡም እናስተናግድዎታለን» አሏቸው። በ1977 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ከጋብቻቸው በኋላ የራሳቸውን ጸጉር ቤት ከፈቱ። ጠባብ ነበር፤ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ እግሯን ካልሰበሰበች በሩ አይከፈትም። ሆኖም የባንክ ጸሐፊዋም፣ መምህሯም፣ የሆስፒታሉ የሒሳብ ሹምም እዚያ ይመጡ ነበር። ለብዙ ዓመታት ቤታችን የቆመው በእናታችን እጅ ነው ብንል አላጋነንም።

ያው እጃቸው ከዳቸው። በመጀመሪያ ጣቶቻቸው መሐል ማሳከክ ጀመረ፤ ቀጥሎ ቆዳቸው እየተሰነጠቀ ይደማ ጀመር። ጓንት ሞከሩ፣ ቅባት ሞከሩ፣ ቀለሙን ቀየሩ፣ አልሆነም። የቆዳ ሐኪሙ እጃቸውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ የጸጉር መድኃኒቱ እንደማይስማማቸውና ሥራውን ካልተዉ እጃቸው ከጥቅም ውጭ እንደሚሆን ነገሯቸው። እናታችን ከክሊኒኩ ወጥተው በቀጥታ ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ቀጠሮ ለያዙ ደንበኞች ሁሉ ስልክ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ፤ መስታወቶቹን አጽድተው በሩን ዘጉ። ማልቀሳቸውን ያየነው ቤት ከደረሱ በኋላ ነው። አርባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከጸጉር ሌላ የሚያውቁት ሙያ አልነበራቸውም፤ ሦስታችንም ገና ተማሪዎች ነበርን።

በዚያው ወቅት ታላቅ እህታችን በከተማው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተመዝግባ ነበር። ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ግን የነርስነት ትምህርት ቤት ተቀበላት። ክፍያው አይመለስም ተባለ። እናታችን በፋሻ በተጠቀለለ እጃቸው ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ማሠልጠኛው ሄዱ። መዝጋቢው ከኋላቸው ሰው ይፈልጉ ጀመር።

«ልጅዎ የት አለች?»

«ልጄ ነርስ ልትሆን ሄዳለች። ተማሪዋ እኔ ነኝ።»

መዝጋቢው የእህታችንን ስም ሰርዘው የእናታችንን በላዩ ጻፉ።

ክፍሉ የልጆቻቸው እኩዮች የሞሉበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ «አሁን ዊንዶውን ዝጉት» ሲል እናታችን ብድግ ብለው የክፍሉን መስኮት ዘጉ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው ከሁሉም በላይ ሳቁና «ለነገሩ ነፋሱም ነበር» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ያልገባው ነገር ሲኖር እሳቸው ይጠይቁለት ነበር፤ ሌሎቹ ሐፍረት ይዟቸው የሚውጡትን ጥያቄ እጃቸውን አውጥተው ይናገሩታል። ቤት ሲመጡ የተማሩትን ለአባታችን ያስረዳሉ። አባታችንም ሁሉንም ነገር በመኪና ይተረጉሙት ነበር፦ ፕሮሰሰሩ ሞተር፣ ሚሞሪው የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ ቫይረሱ ደግሞ ውኃ የገባበት ነዳጅ። የቤታችን እራት ጋራዥ ይሁን ኮምፒውተር ክፍል የማይለይበት ጊዜ ነበር፤ እንደዚያ ዓመት ስቀን አናውቅም።

ሠልጥነው ከወጡ በኋላ ግን ሳቁ ቀነሰ። በየማስታወቂያው ግርጌ «የሥራ ልምድ» የሚል ቃል ይጠብቃቸው ነበር። አንዱ ድርጅት ልምድ ካላመጡ አንቀጥርም ይላቸዋል፤ ሌላው ያንኑ በትህትና ይነግራቸዋል። አንድ ቀጣሪ እንዲያውም ጽዳት ክፍል ቦታ እንዳለ ጠቆማቸው። እናታችን አመስግነው ወጡ፤ የቀጣሪውን በር ግን እንደወትሮው ቀስ አድርገው አልዘጉትም።

ከዚያ በኋላ ልምዱን ራሳቸው ሊያበጁት ተነሡ። የድሮ ደንበኞቻቸውን እየዞሩ፣ የሚያስቸግር ኮምፒውተር ካለ እንዲያዩት እንዲፈቅዱላቸው ለመኑ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ፈቀደች፤ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛውም፣ ማተሚያ ቤቱም ተከተሉ። አንዳንዱን አስተካከሉ፤ አንዳንዱን ከነበረበት አባሱትና የማሠልጠኛ መምህራቸውን ይዘው ተመልሰው ሠሩ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት በኋላ እንደነገሩን፣ ያስደሰታቸው የእናታችን ዕውቀት አልነበረም፤ «እመለሳለሁ» ብለው መመለሳቸው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. የከተማው ትልቁ ሆስፒታል የታካሚዎችን ካርድ ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር ተነሣና ሠራተኞችን የሚረዳ ባለሙያ ፈለገ። ማስታወቂያው ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቅ ነበር። እናታችን የድሮ ደንበኛቸውን የሆስፒታሉን የሒሳብ ሹም ሳያማክሩ፣ ማንንም ሳያስለምኑ አመለከቱ፤ ለፈተናም ተጠሩ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ጥቂት ቃል የሚናገሩ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ። ማተም እምቢ ያለ ፕሪንተር አሳይተው፣ ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። እናታችን ፕሪንተሩን ከመንካታቸው በፊት ቢሮው ውስጥ ወደምትሠራው ጸሐፊ ዞሩ። መቼ በደንብ እንደሠራ፣ ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደነካው ጠየቋት። ከዚያ ገመዱን፣ ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ኮምፒውተሩን በየተራ ፈተሹ። ኃላፊው ሲመለሱ ፕሪንተሩ አሁንም አያትምም ነበር።

«አላገኙትም» አሉ ኃላፊው።

«አላገኘሁትም» አሉ እናታችን። «የት እንደሌለ ግን አውቄያለሁ።»

እና ችግሩ ያልሆነውን ሁሉ፣ እንዴት እንዳረጋገጡት ጭምር፣ በቅደም ተከተል አስረዷቸው። ኃላፊው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከእሳቸው በፊት የገቡት ተፈታኞች ሁለቱ ብልሽቱን አግኝተውት ነበር፤ ጸሐፊዋን ያነጋገራት ግን አልነበረም። ሆስፒታሉ ያኔ የቸገረው ደግሞ ሠራተኛው ከማሽኑ ጋር መኳረፉ ነበር። እናታችን ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠሩ። ዜናውን ይዘው ጋራዥ ድረስ በሩጫ ሄዱ። አባታችን ከአውቶቡስ ሥር ነበሩ፤ እናታችን መውጣታቸውን መጠበቅ ስላቃታቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ነገሯቸው። አባታችን በደስታ ቀና ሲሉ ግንባራቸውን ከብረት ጋር አጋጩት፤ ጠባሳውን «የሹመት ምልክት» ይሉት ነበር።

የሙከራ ጊዜው በሰላም አላለፈም። አንድ ከሰዓት በኋላ እናታችን የቆየ ማሽን አጠፋሁ ብለው ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚሠሩበትን የዋናውን ማሽን፣ የሰርቨሩን፣ መሰኪያ ነቀሉ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ቆመ፤ ሒሳብ ክፍሉ ቆመ፤ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደረሰ። ማንም አላያቸውም ነበር። ወዲያው መልሰው ሰኩና ወደ ኃላፊያቸው ቢሮ ሄደው «እኔ ነኝ የነቀልኩት» አሉ። ኃላፊው ሥርዓቱ እስኪመለስ አብረዋቸው ቆዩ፤ ከዚያም በየመሰኪያው ላይ ስም የመለጠፍ ሥራ ሰጧቸው። እናታችን ለቀሪው ዘመናቸው ምልክት ያልተለጠፈበት ገመድ ሲያዩ መታገሥ አይችሉም ነበር፤ የቤታችን ፍሪጅ መሰኪያ ላይ ሳይቀር «ፍሪጅ» ተብሎ ተጽፏል።

የሁሉም ፈተና ግን ካርድ ክፍሉ ነበር። የክፍሉ አዛውንት ሹም ዕድሜያቸውን በካርድ መደርደሪያዎች መሐል የጨረሱ ሰው ነበሩ። ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍነው፣ ጡረታ እስኪወጡ እንደማይገልጡት አሳወቁ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች መመሪያ አሳዩአቸው፤ እሳቸው በሩን አሳዩአቸው። እናታችን መመሪያ አልያዙም። ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው እየተቀመጡ አንድ ካርድ ፍለጋ ምን ያህል መሰላል እንደሚያስወጣቸው፣ የትኛው ጉልበታቸው እንደሚብስ ይጠይቋቸው ነበር። አንድ ጠዋት አዛውንቱ ራሳቸው ጨርቁን ገለጡና «እስቲ የኔን ካርድ ፈልጊልኝ» አሉ።

«እኔ አልፈልግም፤ እርስዎ ይፈልጉት» አሉ እናታችን፤ ጣታቸውን ይዘው ከፊደል ወደ ፊደል መሩላቸው። የአዛውንቱ ስም በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ብቅ አለ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው ለሠራተኞቻቸው «ወንበር አምጡና ኑ» አሉ። የዚያን ቀን እናታችን ቤት የገቡት እየዘፈኑ ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለዘፈን የተሠራ አልነበረም።

የሙከራ ጊዜያቸው ሲያበቃ በቋሚነት ተቀጠሩ። ኋላም የድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ስልክ የደወለ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «አጥፍተው እስቲ ያብሩት፤ እስኪነሣ ድረስ እንዴት ዋሉ?» የሚል ስለነበር «እማማ ሪስታርት» ተባሉ። ሰው በሚቀጥሩበት ጊዜ ከማስታወቂያው ላይ «የሥራ ልምድ» የሚለውን ቃል ራሳቸው ሰረዙ። ታክሲ ነጂ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ቀጠሩ። አንዳንዱ አልሆነለትም፤ እሱንም ሳያዋርዱ ወደሚሆነው ሥራ ሸኙት። የታክሲ ነጂው ዛሬ የሆስፒታሉን ኔትወርክ ይመራል። በ2014 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱም አላረፉም፤ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ሥራ መቀየር ለሚፈልጉ ሰዎች በየቅዳሜው በነፃ ማስተማር ጀመሩ። ከአባታችን ሞት በኋላ ያጽናናቸው ይኸው ክፍል ነበር።

እናታችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በዚህ ሳምንት ሐሙስ ማለዳ፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ታላቅ እህታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በእሳቸው እጅ ሥራ የጀመሩ ብዙ ሰዎችን ትተው ሄደዋል። ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም የእሳቸውን ትዕግሥት ያድለን።

በመጨረሻም፣ ራሳቸው እንድናነብ ያዘዙን አንድ መልእክት አለ። የቅዳሜው ትምህርት በሐዘን ምክንያት አይቀርም። በተለመደው ሰዓት ይጀመራል፤ የሚያስተምረው የታክሲ ነጂው ነው። ልምድ የሌላችሁ ኑ።